መድኃኒቱ እንደ ታማሚው፣ አምፕሊፋየሩ እንደ ስፒከሩ

የዛሬው ወጋችን ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አይደለም፤ ስለ ሳሎናችን ቴፕ ነው። «ነርስ ስለ አምፕሊፋየር ምን አገባት?» አትበሉኝ። መጨረሻው ጆሮ ላይ ስለሚደርስ ያገባኛል።

ባለቤቴ፣ ወንድሙ ከአሜሪካ የላከለት ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች አሉት። ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ አምፕሊፋየሩ ተቃጠለና ከልጃችን ጋር ሆነን አዲስ ፍለጋ ሱቅ ገባን። ወጣቱ ሻጭ ትልቁን እያሳየ፣ «ማዘር፣ ይሄ 200 ዋት ነው፤ ቤቱን ያናውጥልዎታል» አለኝ። ባለቤቴ ደስ አለው። «ድምፁ ደብዝዞብኝ የከረመው ጉልበት አንሶት ነው» አለ።

እኔ ግን «ስፒከሩ ስንት ይፈልጋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሥራዬ ያስለመደኝ ነው። ሕፃናት ክፍል ስሠራ፣ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ልጁን ሚዛን ላይ እናስቀምጥ ነበር። መጠኑ በልጁ ኪሎ ይሰላል እንጂ ጠርሙሱ ትልቅ ስለሆነ አይጨመርም።

የስፒከርም ሚዛን ከጀርባው ተጽፏል። የኛው «97 ዴሲቤል፣ 1 ዋት፣ 1 ሜትር» ይላል። በ1 ዋት ጉልበት፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ 97 ዴሲቤል ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው። ብዙዎቹ የቤት ስፒከሮች ከ85 እስከ 90 ባለው ውስጥ ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 10 ዴሲቤል ለመጨመር ጉልበቱ 10 እጥፍ መሆን አለበት። 87 የሆነው ስፒከር 10 ዋት በልቶ የሚያሰማውን የኛው በ1 ዋት ያሰማል። ሳሎን ውስጥ ለሚያዳምጥ ቤተሰብ፣ ሙዚቃው ድንገት ከፍ የሚልበት ቦታ ጭምር ታስቦ፣ ለእንዲህ ያለ ስፒከር ጥሩ 20 ዋት ይበቃል።

«ትልቁ ቢገዛስ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። አምፕሊፋየር ሁሉ ከራሱ ትንሽ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ያወጣል። በሌላ ስፒከር ላይ የማይሰማው ሽሽታ፣ በትንሽ ጉልበት በሚጮህ ስፒከር ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ማታ ቀስ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው ያናድዳል። ደግሞም የቮልዩሙን ቁልፍ ገና ነካ ስታደርጉት ቤቱ ይሞላል፤ ቁልፉ መነሻው አካባቢ ሲሆን ደግሞ የግራውና የቀኙ ድምፅ ብዙ ጊዜ እኩል አይመጣም።

ስለዚህ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ከተቻለ በራሳችሁ ስፒከር ሞክሩት። ሙዚቃ ሳይከፈት ቮልዩሙን በለመዳችሁት ልክ አድርጉና ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሽሽታ ከተሰማችሁ ተዉት። ስፒከሩ ላይ የተጻፈውን ኦም እዩ፤ 4 ኦም ከሆነ፣ አምፕሊፋየሩ 4 ኦም እችላለሁ የሚል ይሁን፤ አለዚያ ይግላል። ከአሜሪካ የሚላክላችሁ ከሆነ በ220 ቮልት መሥራቱን አረጋግጡ፤ የእነሱ 120 ነው። እንደ ጥንቱ ራዲዮ በአምፖል የሚሠራውን ዓይነት ከገዛችሁ ስፒከር ሳይታሰርበት አታብሩት። በጣም ትንሹም አይበጅም፤ ከአቅሙ በላይ ሲጮህ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር ሊያቃጥል ይችላል።

እኛ 25 ዋት ገዛን። ልጃችን «እንዴት ጥርት ይላል!» አለ። ባለቤቴ ግን አሁንም ፊቱ አልፈታም። «ያቺ ቀጭኗ የጸናጽል ድምፅ የለችም» አለ። ልጁ ይሰማታል፤ እኔም እሰማታለሁ። ያን ጊዜ ነው ደንገጥ ያልኩት። ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ስልክ ላይ «ምን አልክ?» ማብዛቱን፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ በየጊዜው መጨመሩን አይቼ እንዳላየሁ አልፌው ኖሯል፤ እኔው ነርሷ!

በሳምንቱ ጆሮው ተመረመረ፤ እንደፈራሁትም ሆነ። 200 ዋቱን ገዝተን ቢሆን ኖሮ የጠፋውን ድምፅ ፍለጋ ቮልዩሙን እየጨመረ የቀረውንም በጎዳው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ሲደርስ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል።

አሁን ወንበሩን ወደ ስፒከሩ አስጠግተንለታል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ዋት እንደመጨመር ነው፤ ያውም በነፃ። ለማዳመጫ መሣሪያውም ቀጠሮ ይዟል። እናንተም «ቴፑ ደከመ» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።