አምቡላንስም ኃላፊ ሐኪም ይኑረው

ድንገተኛ ክፍል የተኛ ታካሚ ሁሉ ኃላፊ ሐኪም አለው። ሌሊት ነገር ሲበላሽ ሬዚደንቱ የሚደውለው ለእሱ ነው፤ ጠዋት ራውንድ ላይ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀውም እሱ ነው። ያው ታካሚ ከግማሽ ሰዓት በፊት አምቡላንስ ውስጥ ሳለ ኃላፊው ማን ነበር? አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ትሪያጅ ላይ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ታካሚ ይዘው የሚመጡትን ይህን ስጠይቅ የሐኪም ስም የሚጠራልኝ አላገኘሁም።

በሁዳዴ ጾም አንድ አዛውንት ራሳቸውን ስተው መጡ። የሪፈር ወረቀታቸው «ስትሮክ» ይላል። ሲቲ ስካን ፍለጋ ሁለት ቦታ ዞረዋል፤ አንዱ ጋ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላው ጋ አልጋ የለም ተብለዋል። ልጃቸው የአባቷን ጫማ በፌስታል አንጠልጥላ ከአጠገባቸው አትለይም። «ሲስተር፣ ጾመኛ ናቸው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም» አለችኝ። የስኳር መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተዋል።» ጣታቸውን ወግቼ ስለካ ስኳራቸው 28 ነበር። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሰጠናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ገለጡና የልጃቸውን ስም ጠሩ።

አምቡላንሱ ውስጥ የስኳር መለኪያም ግሉኮስም ነበር። ይዟቸው የመጣው ወጣት ባለሙያ ሰነፍ አይደለም፤ መንገዱን ሁሉ ኦክስጂኑን ይዞላቸው ነው የመጣው። ስለ መለኪያው ስጠይቀው ግን «ሲስተር፣ ብለካስ ማን አዞኝ ነው የምሰጠው?» አለኝ። ሐኪም የፈረመበት የሕክምና መመሪያ በእጁ የለም። መንገድ ላይ ሲቸገር የሚደውልለት ሐኪም አልተመደበለትም። ያመጣው ሰው ከምን እንደደረሰ በማግሥቱ የሚነግረውም የለም። እሱን መውቀስ ግፍ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላ ሐኪም የሚያሠለጥን ትምህርት አለ። አሜሪካ የአምቡላንስና የቅድመ ሆስፒታል ሕክምናን ለሐኪሞች ንዑስ ስፔሻሊቲ አድርጋ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ የመጀመሪያው የብቃት ፈተና በ2013 ተሰጠ። በመስኩ ስፔሻላይዝ የሚያደርግ ሐኪም አንድ ዓመት ፌሎውሺፕ ይማራል። ከአምቡላንስ ጋር ይወጣል፣ የጥሪ ማዕከል ውስጥ ይቀመጣል፣ የሕክምና መመሪያ ይጽፋል፣ የተበላሸ ሥራ ሲገጥም መዝገቡን ገልጦ ከባለሙያዎቹ ጋር ይመረምራል፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ መወሰን ይለማመዳል።

የዚህ ሥራ መነሻ ግን ከዚያ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1967 ፒትስበርግ ውስጥ ፍሪደም ሃውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቋመ። በከተማዋ ታካሚ የሚጓጓዘው በፖሊስ መኪና ወይም በአስከሬን መኪና በነበረበት ዘመን፣ ዶክተር ፒተር ሳፋር ሥራ ያጡ ጥቁር ወጣቶችን አሠለጠነ። በኋላ ናንሲ ካሮላይን የምትባል ወጣት ሐኪም ለጽኑ ሕክምና ፌሎውሺፕ እሱ ዘንድ መጣች፤ እሱም የአምቡላንሱ የሕክምና ኃላፊ አደረጋት። ቢሮ አልተቀመጠችም። አብራቸው እየወጣች አስተማረቻቸው፣ ያከሙትን እየተከታተለች አረመቻቸው። ለፓራሜዲኮች የጻፈችው መማሪያም ከዚያ ሥራ የወጣ ነው። በኋላም እስራኤል ሄዳ የአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት የማገን ዳቪድ አዶም የመጀመሪያዋ የሕክምና ዳይሬክተር ሆናለች። እኔን የሚገርመኝ አንዲት ሐኪም ስንት አምቡላንስ እንደያዘች ነው።

«ሐኪም ለሆስፒታሉ እንኳ አልበቃም፤ ደግሞ ለመንገድ?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ድካማቸውን አውቀዋለሁ፤ አንድ ሬዚደንት ኮሪደር ላይ ሳይቀር ስንቱን ታካሚ እንደሚያይ በየቀኑ አያለሁ። ነገር ግን እንደ ፈረንሳይ በከባድ ጥሪ ሁሉ ሐኪም ይሳፈር አላልኩም፤ ያንን አቅማችን አይፈቅድም። አንድ የሠለጠነ ሐኪም ግን ለብዙ አምቡላንሶች መመሪያ ጽፎ ይፈርማል፣ በስልክ ያዛል፣ በየሳምንቱ ሥራቸውን ይገመግማል። «ራሱን የሳተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስኳሩ ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ግሉኮስ ይሰጠው» የሚል አንድ የተፈረመ መስመር ቢኖር፣ እኚያ አዛውንት አምቡላንሱ ውስጥ ይነቁ ነበር። የእኛም አንድ አልጋ ይተርፍ ነበር።

መሠረቱ ደግሞ አለን። ጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ያሠለጥናል። ስልጠናቸው በአብዛኛው ከሆስፒታሉ በር ወዲህ ነው። ስለዚህ የቅድመ ሆስፒታል ሕክምና ፌሎውሺፕ እነሱ ዘንድ ይከፈት። ሲከፈት ግን በአዳራሽና በስላይድ ብቻ እንዳያልቅ እፈራለሁ። ፌሎው የሚሆነው ሐኪም በ907 እና በ939 የአምቡላንስ ጥሪ ክፍል ተቀምጦ ስልክ ሲነሳ ይስማ፤ መገናኛ ላይ በትራፊክ ተይዞ ሳይረን እያሰማ ይቁም፤ ወረዳም ወርዶ ምጥ የያዛትን እናት በኮረኮንች መንገድ አጅቦ ይምጣ። ያንን ያላየ ሐኪም የሚጽፈው መመሪያ መኪናው ውስጥ አይሠራም። ሲመረቅም መደብ ይጠብቀው፤ አለዚያ ተመልሶ እኛው ክፍል መግባቱ ነው።

ጤና ሚኒስቴርና ሁለቱ ተቋማት ተቀምጠው ይነጋገሩ። ለመጀመሪያው ዙር ሁለት ሐኪሞች ይበቃሉ። ከዚያ ጎን ለጎን የመንግሥትም ሆነ የግል አምቡላንስ የሥራ ፈቃድ ሲያድስ የኃላፊ ሐኪሙን ስምና ፊርማ እንዲያቀርብ ይገደድ።