ስክሪኑ ፊቱን ወደ ማን አዞረ?

ደንዲ ወረዳ፣ ጊንጪ ከተማ፣ ከአምቦው አስፋልት ብዙም ሳይርቅ አንድ ሕንፃ ሲሠራ አይቻለሁ። የሳይቱ ቢሮ ኮንቴይነር ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰፊ ስክሪን ሕንፃው ይሽከረከራል፤ ያለቀው አረንጓዴ፣ የዘገየው ቀይ። ውጭ ደግሞ ፎርማኑ የከሰል ቁራጭ ይዘው ካሳፎርማው ላይ ቀን ይጽፋሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«አርማታው የተሞላበት ቀን ነዋ። ድጋፉን ያለ ጊዜው እንዳይነቅሉብኝ።»

ያንን ቀን ስክሪኑም ያውቀዋል። የባሕር ዛፉን ድጋፍ የሚነቅለው ልጅ ግን ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ሰሞኑን በየስብሰባው «ሳይታችንን ዲጂታል እናድርግ» የማይል የለም። የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ቢም የሚባለውን የሕንፃ መረጃ ሞዴል ሲያስተዋውቅ ቆይቷል፤ በዚህ ጠብ የለኝም። የፍሳሽ ቱቦ ከቢም ጋር (ይኸኛው ተሸካሚው ቢም ነው፣ ስማቸው መመሳሰሉ የኔ ጥፋት አይደለም) እንደሚጋጭ አርማታ ሳይሞላ ማወቅ ገንዘብ ያተርፋል። ጠቤ ስክሪን በሰቀለ ማግስት «ሥራውን በዓይን መምራት ጀመርን» ከሚለው ጋር ነው።

ሥራን በዓይን የመምራት ሐሳብ የመጣው ከቶዮታ ነው። እዚያ አንዶን የሚባል መብራት አለ፤ ቃሉ በጃፓንኛ ፋኖስ ማለት ነው። ሠራተኛው ጉድለት ሲያይ ገመድ ይስባል፣ መብራቱ ይበራል፣ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ጉልበቱ ያለው ገመዱ ላይ ነው። እኛ መብራቱን ገዝተን ገመዱን ረሳነው። በግንባታውም ዓለም ተመራማሪው ግሌን ባላርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያደረገው ተመሳሳይ ነው፦ ሳምንታዊውን ዕቅድ ሥራውን ራሱ የሚያሠራው ሰው ቃል ይግባበት፣ ያልተሠራው ለምን እንዳልተሠራ ይጻፍ። ለዚህ ግድግዳና ወረቀት ይበቃል።

ደግሞ ይህን መንገድ አንዴ ሄደንበታል። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስንት መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ሰቀለ! «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት…» እየተባለ ተለጠፈ። ብዙ ቦታ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ስሙ የሚነሳው እንግዳ ሲመጣ ነው። ስክሪኑም የዚያ ሰሌዳ ታናሽ ወንድም እንዳይሆን እፈራለሁ። የሚያሳየው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጊንጪ ላይ ባሬላ የሚሸከመው ልጅ የሚያወራው ኦሮምኛ። ታዲያ ማን እንዲያየው ነው የተሰቀለው? ባለቤቱ፣ አማካሪው፣ ለጉብኝት የሚመጣው ኃላፊ። ለሠራተኛው ያልተጻፈ ነገር የሥራ መሣሪያ ሳይሆን የእንግዳ መቀበያ ነው።

ወጪውም አለ። የሶፍትዌሩ ፈቃድ በየዓመቱ በዶላር ይታደሳል፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ጠፍቶ እንደነበርም አንርሳ፤ ዕቅዱን ሁሉ ክላውድ ላይ የሰቀለ ሳይት ያን ጊዜ ምን ይመለከት ነበር?

ቱንቢና ውሃ ልክ እኮ በዓይን የሚመሩ መሣሪያዎች ናቸው። ግድግዳው መዝመሙን ለምሁሩም ለመሃይሙም እኩል ይናገራሉ። ከዲጂታሉ ወገን እኩያቸው አድርጌ የምቆጥረው የእጅ ስልክ ካሜራ ነው፦ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ፎቶ ይነሳል፣ በቴሌግራም ይላካል፣ በኋላ «አስሬአለሁ፣ አላሰርክም» የሚባል ክርክር የለም። ይህን ማንም ሳያሠለጥናቸው ሳይቶቹ ራሳቸው የጀመሩት ነው።

እስቲ አንድ ተቋራጭ ስክሪኑን ወደ ግቢው ያዙረው፣ በኦሮምኛ ይጻፍበት። ባሬላ የያዘ ልጅም «የፌሮው ስታፋ ተራርቋል፣ አርማታው ይቁም» ብሎ ቀዩን እንዲያበራ፣ ስላበራም ከሥራ እንዳይባረር ይፍቀድ። ያን ቀን ስክሪኑ በስንት ብር እንደተገዛ አልጠይቅም።