«ደከመኝ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?



በእረፍት ሰዓት ኳስ ጀምረው ወዲያው ቁጭ የሚሉ ልጆች አሉ። ምነው ሲባሉ መልሳቸው «ደከመኝ» ነው። ትልቅ ሰው ይህን ሲሰማ «ስንፍና ነው፣ ስልክ ለምዶ ነው» ይላል። ግን አማርኛው ገና ያልጠነከረ ልጅ ለድካምም፣ ለትንፋሽ ማጠርም ያለው ቃል ይኸው አንዱ ሊሆን ይችላል።

በተለይ ክብደታቸው ለጨመረ ወጣቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆድና ደረት ላይ የተከማቸ ስብ ድያፍራም የሚባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋል፤ ደረትም እንደልብ አይሰፋም። ከባድ ሰውነት ሲንቀሳቀስ ደግሞ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ከጓደኞቹ ቀድሞ ቁና ቁና ይተነፍሳል። አስም ካለበት ደግሞ በሽታውን መቆጣጠር ይከብዳል።

እኛ ዘንድ «ወፈረ» ማለት «አማረበት፣ ተመቸው» ማለት ነው። ሌላው ደግሞ በቀልድ «ዱባ» እያለ ይጠራዋል። ሁለቱም ልጁን አይጠቅሙትም። ምስጋናው ችግሩን ይሸፍናል፤ ስድቡ ከነጭራሹ ከሜዳ ያስቀረዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ለሐኪሙ ንገሩ። ትንፋሽ የሚያጥረው በክብደት ብቻ አይደለም፤ አስም ወይም የደም ማነስም ሊሆን ይችላል። ስፓይሮሜትሪ የሚባል ምርመራ አለ፤ ልጁ በቱቦ በኃይል ይተነፍሳል፣ አያምም። በራሳችሁ ምግብ አትከልክሉት፣ ገና በማደግ ላይ ነው። ለስላሳውን ከቤት ስታስወጡም ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በእርምጃም ቢሆን ቀስ ብሎ መጀመር ይቻላል።

ለትምህርት ቤታችንም አንድ ሐሳብ አለኝ፦ በእረፍት ሰዓት ለስላሳና ጁስ ቀርቶ ውኃ ይቅረብ። «በሳምንት አንዴ ነው፣ ደስ ይበላቸው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጆቹን ግን ይበልጥ ደስ የሚላቸው አብሮ መጫወቱ ነው።

እስከዚያው እቤት ሦስት አባባሎች አስተምሯቸው፦ «ደከመኝ»፣ «ትንፋሽ አጠረኝ»፣ «ደረቴን ወጋኝ»። በሚቀጥለው ጊዜ ቁጭ ሲሉ የትኛው እንደሆነ ጠይቋቸው።