ቆላ የወረደ መሐንዲስና ደጋ የቀረች ባለቤቱ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱን ደጋግመን አነበብነው። የጻፈችልን በጎንደር ከተማ በግል ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት ወጣት ወይዘሮ ናት። ስሟን እንዳንገልጥ ስለ ለመነችን አንገልጥም፤ ነገሩ ግን የብዙ ቤት ነገር ሆኖ ስላገኘነው አንባቢዎቻችን ሁሉ በሚጠቀሙበት አኳኋን ልንመልስላት ወደድን።

ባለቤቷ የምህንድስና ትምህርቱን ከፈጸመ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥራ ያገኘውም በአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ሆኖ፣ የሚሠራበት ስፍራ በምዕራብ ጎንደር የቋራ ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በገለጉ አካባቢ ነው። ባለፈው ጥር ተጋቡ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውንም በመጪው ጥቅምት ይጠብቃሉ። አማቷ «ሚስት የምትገኘው ባሏ ካለበት ነው» እያሉ ወደ ቆላው እንድትወርድ ይመክሯታል። አብረውት የተማሩት ጓደኞቹ ደግሞ፣ ግማሾቹ ከአዲስ አበባ ግማሾቹም ከባሕር ማዶ፣ «ዕድሜህን በበረሃ አትፍጅ» እያሉ ይጽፉለታል። እርሱ ራሱ ግን «ሁለት ዓመት ብታገሥ ልምዴን ይዤ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር እሄዳለሁ» ይላል። እኅታችን ደብዳቤዋን የደመደመችው እንዲህ ብላ ነው፤ «እኔ ልውረድ፣ ወይስ እርሱ ሥራውን ትቶ ይውጣ?»

እኅታችን ሆይ፤ ሁለቱም ጥያቄዎችሽ «ከሁለታችን ማን ይጎዳ?» የሚል ሌላ ጥያቄ በውስጣቸው ሸሽገዋል። በዚህ ጥያቄ የተጀመረ ትዳር ደግሞ የጉዳቱን ሒሳብ ሲቈጥር ይኖራል። ስለዚህ እኛ «ማን?» ከማለት ይልቅ «መቼ?» ብለን እንድንነሣ ፍቀጂልን።

በመጀመሪያ ምህንድስና በአገራችን ገና ከጥንቱ መንገድንና መለያየትን የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን እናስታውስ። በቋራ ተወልደው የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም ገደሉን እያስናዱ መንገድ ማስጠረግ ግድ ሆኖባቸው ነበር። በዚያው ዓመት ከመቅደላ ጦርነት በኋላ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ህንድ ተወሰደ፤ ይኸውም ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ናቸው። እርሳቸው የሕክምናን ጥበብ ተምረው አገራቸውን ሲያገለግሉ፣ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ደግሞ በእንግሊዝ አገር ምህንድስናን ተምረው ተመለሱ። ነገር ግን በየካቲት 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ከገደሏቸው ወጣቶች መካከል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በ1945 ዓ.ም በአዲስ አበባ የምህንድስና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬም በጎንደርና በባሕር ዳር ሳይቀር ይህ ትምህርት ይሰጣል። ስለዚህ መሐንዲስ ለመባል ባሕር መሻገር ግድ መሆኑ ቀርቷል። መሐንዲስ ሆኖ ለመሥራት ግን ከቤት መውጣት እስከ ዛሬ ግድ ነው፤ ድልድይ የሚሠራው ወንዙ ካለበት ነውና።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ እንምጣ፤ ልውረድ ወይ? ለዚህ መልሳችን አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። ልጅሽን እስክትገላገይ ድረስ አትውረጂ።

ምክንያቱንም እንነግርሻለን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ገለጉ ከ1000 ሜትር በታች ባለው ሞቃት ቆላ ውስጥ ናት። በዚያ አገር ወባ የምትበረታው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ነው፤ ያንቺም ወራት በዚህ መካከል ይገባል። በደጋ ያደገ ሰው በሽታውን የሚቋቋምበት ኃይል በሰውነቱ ውስጥ አልተገነባም። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ፣ ይልቁንም በመጀመሪያ እርግዝና፣ አደጋው ይብሳል፤ ደም ያሳንሳል፣ ያስወርዳል፣ ሕፃኑም ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ ያደርጋል። የአማትሽ ምክር ከፍቅር የመጣ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ዳሩ ግን ትንኝ ፍቅርን አታከብርም።

አማትሽንም በክርክር ሳይሆን በጥሪ ብትመልሽላቸው ይሻላል። «እማማ፣ በጥቅምት መጥተው ይረሱኝ፤ ገንፎውን ከእርስዎ እጅ እንድበላ ነው የምመኘው» ብትያቸው፣ ቆላ ውረጂ ያሉት እናት ራሳቸው ደጋ ይመጡልሻል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ባለቤትሽም ቢሆን ራሱን ይጠብቅ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ሳይዘረጋ አይተኛ፤ ትኩሳት ሲሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ያስመርምር። በመተማና በቋራ ቆላ ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታ ደግሞ አለ፤ የሚያስተላልፈውም የአሸዋ ዝንብ የሚባል ደቃቅ ነፍሳት ነው። ይህም ነፍሳት በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ጥላ ሥር ስለሚኖር፣ ሌሊት በሜዳ ላይ መተኛት አደገኛ ነው። ከሁለት ሳምንት የሚያልፍ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ከታየ ምርመራ አይዘግይ፤ ለዚህ ሕመም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕክምና ይሰጣል። ባለቤትሽ ወደ ደጋ ከወጣ በኋላ በታመመም ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለሐኪሙ «ከቋራ ነው የመጣሁት» ይበል፤ ይህች አንዲት ቃል ብዙ ሰው አድናለች።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ሥራውን ትቶ ይውጣ ወይ የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ የቋራን መሬት መመልከት ይጠቅማል። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራውንም መንገድ ከእርሱ ጋር ያነሣዋል፣ ይጥለዋልም። ስለዚህ መሐንዲሶች ወይ ቈፍረው አውጥተው በተመረጠ አፈር ይተኩታል፣ ወይ ከኖራ ጋር አዋሕደው ጠባዩን ያርቁታል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ ግን ማሽኑ ይቆማል፣ መንገዱም በጭቃ ይያዛል። የአፈር ሥራ የሚሠራው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው። እንዲህ ከሆነ የዓመቱን ሥራ መሬቱ ራሱ በሁለት ከፍሎላችኋል፤ እናንተም ኑሮአችሁን በዚሁ ልክ ልትከፍሉት ትችላላችሁ።

ለዚህም ወንድማችን ዛሬውኑ ሊጽፍ የሚገባው አንድ ማመልከቻ አለ። በሐምሌና በነሐሴ የሥራ መለኪያውን፣ የክፍያ ሰነዱንና ንድፉን በጎንደር ወይም በዋናው መሥሪያ ቤት ሆኖ እንዲያዘጋጅ ይጠይቅ። ይህ ሥራ በማናቸውም አኳኋን የሚሠራ ነውና አሠሪው አይጎዳም። ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት ግን የዓመት ዕረፍታቸውን በክረምት ሥራ በሌለበት ጊዜ በልተው በመጨረሳቸው ነው። ወንድማችን ዕረፍቱን ለጥቅምት ያቆየው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ሚስቱ ስትወልድም ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጠዋል። ሁለቱ ተደምረው ሦስት ሳምንት ያህል ይሆናሉ። ጥቅምት ማሽኑ ከክረምት ዕረፍቱ የሚነሣበት፣ አለቆችም ሰው የሚፈልጉበት ጊዜ በመሆኑ፣ ፈቃዱ ዛሬ በጽሑፍ ካልተያዘ ያን ጊዜ አይገኝም።

አንቺም በዚሁ አዋጅ ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽም በኋላ 90 ተከታታይ ቀን አለሽ። በጥቅምት አጋማሽ ብትወልጂ ዕረፍትሽ እስከ ጥር አጋማሽ ይደርሳል። ያን ጊዜ ዝናቡ ርቋል፣ ወባውም ይቀንሳል፣ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀትም ገና አልመጣም። ሐኪም ፈቅዶ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ አባትየው የሚሠራውን መንገድ ለጥቂት ቀን ወርደሽ ለማየት ከዚህ የተሻለ ወራት የለም። ሕፃናትም ለወባ የተጋለጡ ናቸውና ቤትሽን ነቅለሽ መውረዱን ግን ለሌላ ጊዜ አቆዪው። «መንገዱም ሰላም ከሆነ» ያልነው በከንቱ አይደለም። በ2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቷል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም ከአዘዞ በአይከል ወደ ገንዳ ውኃ የሚወርደውን ጉዞ ብዙ ጊዜ አስጨንቆታል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ከዚያ የመጡትን መጠየቅ፣ ከተጠራጠሩም መቅረት ማስተዋል ነው።

ጓደኞቹ «ዕድሜህን አትፍጅ» ስላሉትም ጥቂት እንበል። ከቋራ በስተ ደቡብ በምትዋሰነው በጉባ ወረዳ የታላቁን የሕዳሴ ግድብ ሥራ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ የመሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በጎንደር አውራጃ በማክሰኚት የተወለዱ ሰው ነበሩ። በ1978 ዓ.ም ገደማ የመብራት ኃይል ባለ ሥልጣን ሠራተኛ ሆነው ሲገቡ ወዲያው ግድብ አልተሰጣቸውም፤ ለብዙ ዓመታት በመሥሪያ ቤቱ ማሠልጠኛ ሠሩ፣ ከዚያም በግልገል ጊቤ ሥራዎች ላይ ተሰማሩ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም ሕይወታቸው ሲያልፍ ያልተፈጸመው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ይህን ያነሣነው ወጣቱ ሁሉ በበረሃ ይክረም ለማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝና የማይታይባቸው ቢሆኑም ባክነው የቀሩ አለመሆናቸውን ለማሳየት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ ዋልካን በዓይኑ ያየና በእጁ የለካ ወጣት በመጽሐፍ ብቻ ከሚያውቀው ይበልጣል።

ነገር ግን ትዕግሥት ወሰን ያስፈልጋታል። «ሁለት ዓመት» የሚለው ቃል ቀን ካልተቈረጠለት አራት፣ አራቱም ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ የምትመካከሩበትን ወርና ዓመት በደብተር ጻፉት። እስከዚያ ድረስ ወንድማችን የሥራ ማስታወሻ ይያዝ፤ የሠራውን፣ ያየውን ስሕተትና የታረመበትን መንገድ በየቀኑ ይጻፍ፤ የልምድ ማስረጃውንም ከእያንዳንዱ ሥራ ፍጻሜ ሳይወጣ ይቀበል። ወደ ውጭ አገር ለመማር ባመለከተ ጊዜም አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ የትምህርት ድጋፉ ለባለ ትዳር የሚበቃ ወይስ ለተማሪው ብቻ የተቈረጠ መሆኑን ነው። በዚያ ምክክር ላይ ያንቺም ሙያ ይነሣ። አስተማሪነትሽ በእርሱ ጉዞ ኋላ የሚጎተት ዕቃ አይደለም፤ ምናልባትም ቀድመሽ የምትማሪው አንቺ ትሆኚ ይሆናል።

የቤቱን ነገር በሦስት ምክር እንፈጽም። አንደኛ፣ ሁለት ምድጃ ሁለት ወጪ ነው፤ የበረሃ አበሉን ከደመወዙ ለይታችሁ ለጉዞ፣ ለመውለጃና ለድንገተኛ ሕመም አስቀምጡት። ሁለተኛ፣ የስልክ ሰዓት ቁረጡ፤ መስመሩ ሲጠፋም ሁለታችሁ እንዳትጨነቁ፣ ስንት ቀን ድምፅ ሲጠፋ የትኛው የሥራ ጓደኛ እንደሚጠየቅ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሦስተኛ፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ነውና፣ ምጥ ሌሊት ቢመጣ መኪና የሚጠራልሽን ሰው ዛሬውኑ አስታውቂ። ባል መሐንዲስ ቢሆንም በዚያች ሌሊት ከገለጉ እስከ ጎንደር መንገድ ሠርቶ አይደርስም።

ለወንድማችንም አንድ ቃል አለን። ድልድይ የሚቆመው በሁለት ዳር ተደግፎ ነው፤ አንተ በአንዱ ዳር ስትደክም በሌላው ዳር የምትደክም አለችና ይህን አትርሳ። የተባለውን ማመልከቻ በዚህ ሳምንት ጻፈው።

እኅታችን፣ በሰላም ያገላግልሽ። ዓመቱ ሲዞር ምን እንደ ሆነላችሁ ብትጽፊልን ደስ ይለናል፤ በዚህ ኑሮ ያለፉ አንባቢዎቻችንም ልምዳቸውን ቢያካፍሉን በዚህ ገጽ እናወጣዋለን።