ለዳገት ከፍለን ለቁልቁለት መሰሰት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ስሚንቶ የጫነ አሮጌ አይሱዙ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ረዳቱ ከኋላ ተንጠልጥሏል፤ በአንድ እጁ ታኮ ይዟል። ኩርባው ላይ መኪናው ትንፋሽ አጥሮት ሲቆም ዘሎ ይወርድና ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል። ሾፌሩ አንደኛ አስገብቶ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ልጁን ይውጠዋል። ልጁም ሳሉ እያጣደፈው ታኮውን አንስቶ ይሮጣል። ታች የአባያ ቀላ ያለ ውሃ ተዘርግቷል። መንገደኛው ፎቶ የሚያነሳው ሐይቁን ነው፤ እኔን የሚይዘኝ ጭሱ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጭስ ሲያይ “ሞተሩ አርጅቷል” ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጉዳዩ የተወሰነው መኪናው ገና ፋብሪካ ሳለ፣ አስመጪው የትኛውን ሞተር ከነምኑ እንደሚፈልግ ባዘዘበት ወረቀት ላይ ነው። አገራችን ተራራ ነው፤ መኪና ስናዝዝ ግን ለሜዳ እናዛለን። ለሚያወጣን ነገር ትንሽም ቢሆን እንከፍላለን። ለሚያወርደን ነገር ሲሆን እንሰስታለን።

መጀመሪያ መውጣቱን እንይ። አባያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች፤ ጨንቻ 2,700 ይጠጋል። አይሱዙው በ37 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,400 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አየር የሚስበው በፒስቶኑ ብቻ ስለሆነ ያገኘውን ይተነፍሳል። ጨንቻ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፖምፓው ይህን አያውቅም፤ ተለክቶ የተሰጠውን ናፍጣ በዚያው ልክ ይረጫል። አየር ያጣው ናፍጣ በደንብ ሳይነድ በማርሚታው በኩል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጉልበቱም በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ 120 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር ጨንቻ ሲደርስ 90 አይሞላም።

ባለንብረቱ “ጉልበት አነሰው” ብሎ ሲያማርር መካኒኩ ፖምፓውን ይከፍትለታል። የጎደለው አየር፣ የተጨመረው ናፍጣ! ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቴስታታው ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮን ይቀየራል።

ፋብሪካዎቹ ለዚህ መልስ ካገኙ ቆይተዋል። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቢዩኪ የሚወጣው ጭስ ራሱ አየር እንዲያስገባ የሚያደርገውን የቱርቦ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 አስመዝግቧል። ቮልቮ ቱርቦ ያለውን ታይታን የጭነት መኪና በ1954 ለገበያ አቅርቧል። ወደ እኛው መንደር ስንመጣ ደግሞ በአይሱዙ ኤን ፒ አር ላይ የምናውቀው ፎር ኤች ጂ ዋን የሚባለው ባለ 4.6 ሊትር ሞተር ቱርቦ ያለውም የሌለውም ተሠርቷል። ያው ብረት፣ ያው ስም። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም፤ ጨንቻ ኩርባ ላይ ግን አንዱ ታኮ ይፈልጋል፣ ሌላው አልፎ ይሄዳል።

እርግጥ ቱርቦ የሌለው ይሻላል የሚል ብርቱ ሙግት አለ፤ የሚያቀርቡትም ሞኞች አይደሉም። የቶዮታ ላንድክሩዘሩ ዋን ኤች ዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ ቱርቦ አልባ ሞተር፣ በገጠራችን የተወደደው ቀላል ስለሆነ ነው። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ቱርቦ ይበላል። ከመሐል አገር ዕቃ እስኪመጣ መኪናው ሳምንት ይቆማል። ስለዚህ “ጉልበቱ ይቅርብኝ፣ ዝም ብሎ ይሥራልኝ” የሚለውን ሰው አልፈርድበትም። ዳገት ላይ የጉልበት ማነስ ዋጋው ጊዜና ናፍጣ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚጠየቀው ዋጋ ሌላ ነው።

ስምንት ቶን የሚመዝን መኪና ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ ሲወርድ በፍሬን መዋጥ ያለበት ኃይል አንድ ተኩል በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት ከታምቡሩና ከሸራው ላይ ያርፋል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ይነካል። አሜሪካዊው የሞተር ሠሪ ክሌሲ ከሚንስ ይህን በራሱ ላይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1931 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በሚባለው መተላለፊያ ሲወርድ ነው። ፍሬኑ ተቃጠለ፣ ከታች የባቡር ሐዲድ ነበር፣ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ተረፈ። ነገሩ ከአእምሮው ስላልወጣ ከዓመታት በኋላ ሞተሩን ራሱን ፍሬን የሚያደርግ መሣሪያ ፈጠረ፤ እሱም በ1961 ገበያ ላይ ዋለ።

የእኛዎቹ አይሱዙዎች ላይ ያለው ከዚያ ይቀላል። ከሞተሩ ቀጥሎ ጭስ ማውጫው ውስጥ አንዲት ክብ ብረት አለች። ሾፌሩ ከመሪው ሥር ያለችውን እጀታ ሲስብ ብረቷ ትዘጋለች፣ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ፒስቶኖቹ የታመቀውን ጭስ ሲገፉ መኪናው ይያዛል። ሸራ አይነካም፣ ታምቡር አይግልም። የድሮ ሾፌሮች “በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚሉት ሕግ ላይ ይህች ብረት ስትጨመር የእግር ፍሬን ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ሳለ መካኒኩ የጠቆረች ክብ ብረት ከሳጥን አውጥቶ አሳየኝ። ጥላሸት ጋግሮባት ዘንጓ አልዞር ብሏል።

“ከየት ነው?” አልኩት።

“ጋሼ፣ ባለንብረቱ ሞተር ታፍናለች ብሎ አስነቀላት። እውነቱንም ነው፣ ግማሽ ተዘግታ ደርቃ ነበር።”

“አጽድተህ አትመልስለትም?”

“ማን ይከፍለኛል?”

የጣሊያን መኪና ያሽከረከሩ አባቶች ስለ ቁልቁለት ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። ኤንትሬ እያልን የምንጠራው ፊያት 682፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተሩን ይዞ አገራችንን ሲያቆራርጥ፣ ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ ነበር። ጣሊያኖች መንገዳቸውን ቀኝ ይዘው እየነዱም ከባድ መኪናቸውን ባለ ቀኝ መሪ ያደርጉ ነበር፤ ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ እንዲያይ ነው። ፍሬን፣ ፍሪስዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ የሚሉትን ቃላት ያወረሱን እነዚያ ሰዎች መኪናውን ያሰቡት ከገደል ጋር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትን ቀለል ያሉ መኪኖች ስንገዛ ገደሉ ከሐሳባችን ወጣ። አይሱዙ በአንድ ወቅት “አልቃይዳ” የሚል ቅጽል ስም ሲወጣለት ጥፋቱ በሙሉ ከሾፌሩ ራስ ላይ ተከመረ። ሾፌሩ ይፈጥናል፣ ጫት ይቅማል፣ እንቅልፍ ያሸንፈዋል፤ አይካድም። ግን መኪናው በፋብሪካው እንደታሰበው ሆኖ ነው ወይ የተሰጠው ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም።

ጭስ ማውጫውን በተመለከተ ሌላም ትንሽ ነገር አለ፣ ለአርባ ምንጭ ሰው ብቻ የሚገባ። የጭሱ ቧንቧ ከሥር በጎን ይውጣ ወይስ ከጋቢናው ኋላ ሽቅብ ይቁም የሚለውም በፋብሪካ የሚመረጥ ነገር ነው። ከአርባ ምንጭ አጠገብ፣ ከላንቴ የሚጫነው ሙዝ አረንጓዴ ሆኖ ነው አዲስ አበባ መድረስ ያለበት። ሙዝን የሚያበስለው ኤቲሊን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ከሞተር ጭስ ውስጥም አለ። ማርሚታው ተበስቶ ከአካሉ ሥር የሚተነፍስ መኪና ጋዙንም ሙቀቱንም ወደ ጭነቱ ይልካል። ነጋዴው ሙዙ ቢጫ ሆኖ ሲያገኘው ፀሐዩን ይረግማል።

ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫዋ ክብ ብረት አንዱን ምረጥ ብባል ቱርቦውን ትቼ ብረቷን እወስዳለሁ። ገበያው ግን በተቃራኒው ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ ለዘመድ አሮጌ አይሱዙ ልናይ ሄደን ደላላው “ፉል ኦፕሽን ነው” አለን። ሬዲዮውን ከፈተ፣ መስኮቱን አወረደ፣ ሞተሩን አስነስቶ አስጓራው። ቱርቦ አለው ብሎ መቶ ሺህ ጨመረበት። እኔ ከመሪው ሥር ያለችውን እጀታ ስቤ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ የሞተሩ ድምፅ ምንም አልተለወጠም።

“ይቺ ምንድን ናት?” አልኩት፣ እያወቅኩ።

“እሷ እንኳ ለብርድ አገር ናት፤ ጠዋት ሞተር ለማሞቅ። እዚህ ምን ያደርግልዎታል?”

ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ ብረቷ ጠዋት ሞተር ለማሞቅም ታገለግላለች። ዘመዴ ተከራክሮ ትንሽ አስቀነሰና ገዛው። በሳምንቱ ድንች ጭኖ ከጨንቻ ሲወርድ አብሬው ነበርኩ። ዶርዜን አልፈን ብዙም ሳንርቅ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው፤ ረዳቱ ማንም ሳያዘው ታኮውን ከመቀመጫው ሥር አወጣ።