ጋኖን ለምን ጋኔን ሆነ?

ዛሬ በ«የኔ ሐሳብ» ዓምድ ይዤላችሁ የመጣሁት ስለ ጌም ነው። «ደግሞ ስለ ጌም!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ጌም ተጫወቱ ልል አይደለም፤ ፈተናም እየደረሰ ስለሆነ መምህራን አይስጉ። ነገሬ ጌሙ ውስጥ ስላለው ክፉ ሰውዬ ነው። ከሱ ተነስቼ ደግሞ ስለ ክበባችን ድራማ አንድ የምለው አለኝ።

የአጎቴ ልጅ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ክረምት ላይ ላፕቶፑን ይዞ መጣና መብራት ባለ ጊዜ ማታ ማታ ዜልዳ የሚባል የጃፓን ጌም ይጫወታል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከኋላው ቁጭ ብለን እናያለን፤ እንግሊዝኛውን እሱ ይተረጉምልናል። ጌሙን የሠራው ኒንቴንዶ የሚባል ድርጅት ሲሆን የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍል ወጥቶለታል። ሀይሩል የሚባል ለምለም አገር አለ፤ ሊንክ የሚባል ልጅና ዜልዳ የምትባል ልዕልት አሉ፤ አገሩን ሊያጠፋ የሚመጣ የአጋንንት ንጉሥ ደግሞ አለ። ስሙ ጋኖን ነው። ወንድሜ ሲሰማ «ጋኔን ነው ያልከው?» አለና በሳቅ ሞትን። ጃፓኖቹ አማርኛ አውቀው አይመስለኝም፤ ግን ገጥሞላቸዋል።

በመጀመሪያው ጌም ጋኖን አሳማ የመሰለ አውሬ ነው። እናቱ ማን እንደሆነች፣ ማን እንዳስከፋው የሚነገር ነገር የለም። ክፉ ነው፣ ይገደላል፣ አለቀ! ልክ አያቴ እንደምትነግረን የዘንዶው የአርዌ ተረት። አርዌ ድሮ በአገራችን 400 ዓመት ነገሠ ይባላል። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ሲገብርለት ኖሮ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ገደለውና ራሱ ነገሠ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በካሬ በካሬ ከፍለው በሚሥሉት ሥዕል ላይም ዘንዶው መጀመሪያ ላይ አለ። አያቴን «እማማ፣ ዘንዶው ግን ለምን ከፋ?» ብላት «ዘንዶ ምን ለምን አለው ልጄ፤ ዘንዶ ነዋ!» አለችኝ።

የጌሙ ሠሪዎች ግን እንደ እማማ ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው «ኦካሪና ኦቭ ታይም» በሚባለው ክፍል አውሬው ሰው ሆኖ መጣ። ሙሉ ስሙ ጋነንዶርፍ ነው። ጌሩዶ የሚባሉ በረሃ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። በ100 ዓመት አንዴ አንድ ወንድ ይወለዳል፤ የተወለደውም ንጉሥ ይሆናል። ጋነንዶርፍ ያ ልጅ ነው። ያሳደጉት ሁለት መንታ ጠንቋይ አሮጊቶች ናቸው። ሲያድግ የሀይሩል ንጉሥ ፊት ተንበርክኮ ታማኝ ነኝ አለ፤ በልቡ ግን የፈለገውን የሚሰጥ ሦስት የወርቅ ማዕዘን ሊወስድ ነበር። በእጁ ሲነካው ተከፋፈለበትና ኃይል ብቻ ቀረለት። ጥበቡ ለዜልዳ፣ ድፍረቱ ለሊንክ ደረሰ። ኃይል ያለ ጥበብ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ በኋላ ባሉት 7 ዓመታት ይታያል፤ አገሩን አመድ ነው ያደረገው።

እኔን የነካኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ነው። እዚያ ጋነንዶርፍ አርጅቷል። ሀይሩልን አማልክቱ በውኃ አስጥመዋታል። መጨረሻ ላይ ከመዋጋቱ በፊት ለምን ያንን አገር እንደተመኘ ይናገራል። የኛ አገር በረሃ ነበር፤ ቀን የሚነፍሰው ነፋስ ያቃጥላል፣ ማታ የሚነፍሰው ያንቀጠቅጣል፣ ሁለቱም ሞት ነው የሚያመጡት፤ የናንተ አገር ነፋስ ግን ሌላ ነበር፤ እኔ ያንን ነፋስ ተመኘሁ ነው የሚለው ባጭሩ።

የአጎቴ ልጅ ይህንን ሲተረጉምልን ዝም አልኩ። ሮቢት ነው'ኮ ያለነው! ግንቦት ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ማን ይነግረናል? ከቤታችን ደጃፍ ቆሜ ወደ ምዕራብ ሳይ የጊዳንና የላስታ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ሲዘንብ ይታየኛል፤ እኛ ጋ ግን አቧራ ነው። ዝናቡ እዚያ ዘንቦ ወደኛ የሚወርደው ጎርፉ ነው። አባቶቻችን ጎርፉን ጠልፈው ማሽላቸውን ያጠጣሉ። የሰው ዝናብ ማየት ምን እንደሚመስል እናውቃለን ለማለት ነው። ሌላም አለ። አንድ ሠርግ ላይ ከደጋ የመጡ ዘመዶቻችን «ቆለኛ እኮ አመለኛ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም አመለኛ ሳልሆን አኩርፌ ምሳ ሳልበላ ቀረሁ (በዚህ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ዶሮ ነበር)። ጌሙ ውስጥም የጌሩዶ ሰዎች ሌቦች ናቸው ይባላል። የበረሃ ሰው ሁልጊዜ ለምን ሌባ ይሆናል?

ታዲያ ጋነንዶርፍ ልክ ነው እያልሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። እኔ ሴት ስለሆንኩ ይሁን እንጃ ይበልጥ የወደድኳት ናቡሩ የምትባለዋን ነው። እሷም ጌሩዶ ናት፤ ያው በረሃ፣ ያው ነፋስ። ሌባም ናት። ግን ጋነንዶርፍ ከሴትና ከሕፃን ይሰርቃል፣ ሰውም ይገድላል ብላ ንጉሧ ሆኖ ሳለ እምቢ አለችው። በኋላ እነዚያ ጠንቋዮች ያዟትና አእምሮዋን ቀይረው አሠሯት እንጂ ወዳ አልሆነም። ስለዚህ ነፋሱ ብቻውን ሰውን ጋኔን አያደርግም። ነፋሱ ግን ውሸት አይደለም። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ናቸው፤ ለዚህ ነው የ2002ቱ ታሪክ ከሁሉም ይበልጣል የምለው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ግን አልወደድኩትም። እዚያ ከሁሉም በፊት የነበረ አንድ የአጋንንት አለቃ ሲሸነፍ ይራገማል፤ ጥላቻዬ እየተወለደ ለዘላለም ይከተላችኋል ይላል። የአጎቴ ልጅ እንደሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጋነንዶርፍ የዚያ እርግማን ነው። እኔ ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ሲወለድ የተረገመ ከሆነ ነፋሱን ምን አመጣው? ተመልሶ የእማማ ዘንዶ ሆነ ማለት ነው!

እርግማኑ አቀንጭራን አስታወሰኝ። ማሽላ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ወይን ጠጅ አበባዋ ሲያዩዋት ታምራለች፣ ሥሯ ግን የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠዋል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው አንዷ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይተኛል። የሚነቃው ታዲያ የማሽላ ሥር አጠገቡ መጥቶ ሲሸተው ነው። የሚበረታውም በደከመ መሬት ላይ ነው። አባቴ አበባ ሳታወጣ ይነቅላታል፣ ፍግም ያደርጋል። እርግማን ናት ብሎ ቁጭ ቢል ኖሮ እኛ ምን እንበላ ነበር?

አሁን ወደ ክበባችን። ለወላጆች ቀን ድራማ እያዘጋጀን ነው፤ ጭራቅ አለበት። ጭራቁ ከበር ይገባል፣ ያገሳል፣ ልጅ ይነጥቃል፣ በዱላ ይሞታል። የሚናገረው አንድ ቃል የለም። ጭራቅ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ ስሙን አልጽፍም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ረጅም ስለሆነና ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ጭራቅ እሱ፣ ሽፍታ እሱ፣ ሰይጣን እሱ። አሁን በእረፍት ሰዓትም «ጭራቁ መጣ» ይሉታል፤ ትንንሾቹ የምር ይሸሹታል። ባለፈው ልምምድ ሲያልቅ ውኃ ስንቀዳ ምን አለኝ መሰላችሁ? ታናሽ እህቱ ወደ ቤት ሲገባ «ዛሬም ገደሉህ?» ትለዋለች። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ለጭራቁ ንግግር እንጻፍለት ብዬ በስብሰባ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ግማሹ ልጅ «ጭራቅ ጭራቅ ነው፣ ሰዓት ይገድላል» አለ። አንዷ ደግሞ «ሰው ያዝንለትና ሲሞት ማን ያጨበጭባል?» አለች። ይህ ጥያቄ ጥሩ ነው፤ መልሱን ገና አላገኘሁም። ጋነንዶርፍ ሲሞት ወንድሜ አጨብጭቧል፣ እኔ አላጨበጨብኩም፣ ሁለታችንም ግን እስከ መጨረሻው አይተናል።

ስለዚህ ሦስት መስመር ጽፌያለሁ። ጭራቁ ልጁን ከመንጠቁ በፊት ቆም ይልና «በዚህ በር ስንት ዓመት አለፍኩ፤ እሳት ሲነድ አያለሁ፣ እንጀራ ሲጋገር ይሸተኛል፤ አንድ ቀን ግባ ያለኝ የለም» ይላል። ከዚያ የፈለጋችሁትን ታደርጉታላችሁ፤ ዱላው አለ። ደግሞ በዚህ ዓመት ጭራቁን ሌላ ሰው ይሁን፤ ማንም ካልፈለገ እኔ እሆናለሁ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ግን ማገሳት እለማመዳለሁ። ሐሙስ በረጅሙ እረፍት የሚኒ ሚዲያው ክፍል ውስጥ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ የምትቃወሙም ኑ።