ገበታው ጎርጎራ ደረሰ፤ ጡረታውስ መቼ ይደርሳል?

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» ሲታወጅ የአንድ ሰው እራት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ተተመነ። ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ተመረጡ። ዛሬ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ሪዞርቱ ቆሟል። ያምራል። ማማሩን የሚክድ ካለ ዓይኑን ይታይ።

ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ ገበታው ለሀገር ከሆነ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ሀገር አይደለም ወይ?

አንድ የ75 ዓመት ዓሣ አስጋሪ ይታሰብ። ዕድሜውን በደንገል ታንኳ ቆሮሶና አምባዛ ሲያሰግር ኖሯል። አሁን ጉልበቱ ከድቶታል። ዳርቻውን እምቦጭ ወርሶታል። ልጆቹ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ፣ ለቀን ሥራ ከተማ ሄደዋል፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የሚልኩት ገንዘብም ይዘጋል። ድሮ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ይመረቅ ነበር። ቀባሪው አሁንም አለ፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ጧሪው ነው የጠፋው። ይህ ሰው ሲሞት የሚደርስለት አለው፣ በሕይወት እያለ የሚደርስለት የለውም።

ሴፍቲኔትስ? የሚል ይኖራል። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ወረዳዎቹ የተለዩት ከዚያ በፊት በነበሩት ተከታታይ ዓመታት የምግብ እርዳታ በመቀበላቸው ነው። መሥፈርቱ ድርቅ ነበር። ለዋግና ለወሎ ደጋ ተገቢ ነው፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። የጣና ዳር ግን በባለሥልጣናት አፍ «ትርፍ አምራች» ነው። ወረዳው ትርፍ ቢያመርት አዛውንቱ ምን ያመርታል? እርጅና ወረዳ መርጦ አይመጣም። ፕሮግራሙ በገባበት ወረዳም ቢሆን ኮታ አለ፤ የቀበሌው መዝገብ ሲሞላ የቀረው ይቀራል።

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለው። በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ተቀጣሪም ጡረታ አገኘ፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ጥሩ ሕግ ነው። ገበሬው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ጠላ ጠማቂዋና ጉሊት ቸርቻሪዋ ግን አሠሪ የላቸውም። የአገሪቱ አብዛኛው ሠራተኛ እነሱ ናቸው። የመሬት መጠቀሚያ ሲከፍሉ ኖረዋል፣ ከሱቅ በገዙ ቁጥር ግብር ከፍለዋል። ሲያረጁ የሚጠብቃቸው የዘመድ ፊት ማየት ነው።

ሰነድ ጠፍቶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ወላጅ ላጡ ሕፃናት ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል። ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲው በ2007 ዓ.ም. ጸድቋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ቀረ እንጂ።

«አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግ መሸሸጊያ ሆናለች። ሪዞርቱ የተሠራው በመዋጮ እንጂ በበጀት አይደለም የሚሉ አሉ። እሺ ይሁን። ታዲያ ይህ የሚያሳየው መንግሥት ሲቆርጥ ከባለሀብት መሰብሰብ እንደሚችል ነው። ግብር ማለትም በእራት ግብዣ ፋንታ በሕግ የሚሰበሰብ መዋጮ ነው።

«ሪዞርቱ ሥራ ፈጥሯል» ይባላል። ለወጣቱ ፈጥሮ ይሆናል። የ75 ዓመት ሰው አስተናጋጅ ሆኖ አይቀጠርም።

«ጥገኛ ያደርጋል» ይባላል። የሚኒስትር ጡረታ ጥገኝነት ካልተባለ የዓሣ አስጋሪው ለምን ይባላል?

«አገሪቱ ድሃ ናት» ይባላል። ኢትዮጵያ ሴፍቲኔትን በጀመረችበት በዚያው በ1997 ዓ.ም. ትንሿ ሌሶቶ 70 ዓመት ለሞላቸውና ሌላ የመንግሥት ጡረታ ለሌላቸው ዜጎች ሁሉ ከራሷ በጀት ወርኃዊ ክፍያ ጀመረች። ሌሶቶ ነዳጅ የላትም። ትንሽ ስለሆነች ነው እንዳይባል ኬንያም በ2010 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 70 ለደረሰ አዛውንቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ክፍያ አስጀምራለች። ከመቶ ኢትዮጵያውያን 70 ዓመት የሞላቸው ከሦስት አይበልጡም። ሸክሙ የሚወራውን ያህል አይደለም።

እዚሁ አገር ቤትም ምሳሌ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የጣናዋ ፎገራ ነበረች። መክፈል የሚችለው ይከፍላል፤ ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። ሙከራው ወደ አገሪቱ ሰፋ። ለመታከሚያ የተቻለው ለመጦሪያ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

መዘግየትም ዋጋ አለው። የሴፍቲኔቱ ገንዘብ ሲመጣ የኖረው በአብዛኛው ከዓለም ባንክና ከለጋሽ አገሮች ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በአንድ ፊርማ ስታቆም የሰው ኪስ ምን ያህል እንደሚታመን ታየ። በሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የድሃው መቶ ብር እንደ ድሮው መቶ ብር አይደለም። ማሻሻያው ሲታወጅ ድሃው ይደጎማል ተብሏል። ቃሉ በሕግ ይታሰር።

ጥያቄው አጭር ነው። ዕድሜው 70 ለሞላና ሌላ ጡረታ ለሌለው ዜጋ ሁሉ፣ ወረዳውም ሆነ ቀበሌው ሳይጠየቅ፣ ወርኃዊ ጡረታ በአዋጅ ይጽና። በጀቱ በየዓመቱ በምክር ቤት ይጽደቅ። ክፍያው ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከል። የተከለከለ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ይኑረው። ያኔ አዛውንቱ የሚቀበለው ምጽዋት ሳይሆን ገንዘቡን ነው።

አፄ ሱስንዮስም በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጎርጎራ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። ዛሬ ፍርስራሹ ይጎበኛል። በዚያ ዘመን በሐይቁ ዳር ያረጀውን ዓሣ አስጋሪ ማን እንደጦረው ግን የሚያስታውስ የለም። የአሁኑ መንግሥት በጎርጎራ ያቆመው ድንጋይ ብቻ እንዳይሆን አዛውንቱንም ይጡር።